ስልክ የሚደውለው የኦንላይን ኮሌጅ ወይስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ? ከመክፈላችሁ በፊት

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በተገናኘን ቁጥር የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «እየደወሉ ተመዝገቢ የሚሉኝ የኦንላይን ኮሌጅ ይሻላል?» ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ጠየቀችኝ። መልሴ ለሁሉም አንድ ነው፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የአካባቢው የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ) ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ይህን የምለው ገንዘቤን ከስሬ ነው።

እኔ የገባሁበት የግል የኦንላይን ኮሌጅ በክሬዲት (የኮርስ መጠን መለኪያ) 390 ዶላር ያስከፍል ነበር። የምዝገባ ሠራተኛው በየቀኑ እየደወለ «ዕውቅና አለን» ይለኛል፤ አልዋሸም። 36 ክሬዲት ጨርሼ 14,040 ዶላር ከፈልኩ። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ልዛወር ስል የተቀበሉኝ 6 ክሬዲት ብቻ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ ያጠራቀምኩት 11,700 ዶላር ባክኖ ቀረ። ስናሰላው፣ የተያዘልኝ እያንዳንዱ ክሬዲት 2,340 ዶላር ፈጅቷል ማለት ነው።

ያን ጊዜ ያልገባኝ ዕውቅና ሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆችን ገምግመው ዕውቅና የሚሰጡት መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ናቸው። እንደ ሚድል ስቴትስና ሃየር ለርኒንግ ኮሚሽን ያሉት «ሪጅናል»፣ በአብዛኛው የሙያና የርቀት ትምህርት ቤቶችን የሚገመግሙት ደግሞ «ናሽናል» ይባሉ ነበር። ብዙዎቻችንን ያሳሳተን ስሙ ነው፤ አገር አቀፍ የተባለው ከአካባቢው የሚበልጥ ይመስላል፣ በክሬዲት ዝውውር ግን የተገላቢጦሽ ነው። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2020 ክፍፍሉን ከደንቡ አውጥቶታል። ደዋዮቹም ይህን ይዘው «ልዩነቱ ቀርቷል» ይሏችኋል። አትቀበሏቸው። ክሬዲታችሁን የሚቀበለው ወይም የሚጥለው ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በድሮው መስመር የሚለዩ ዛሬም ብዙ ናቸው።

አሁን ሌላውን ሒሳብ ተመልከቱ። በሜሪላንድ ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ለካውንቲው ነዋሪ ከነተጨማሪ ክፍያው በክሬዲት ከ200 ዶላር በታች ነው፤ ከሌላ ካውንቲ ለሚመጣ ግን እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚህ ዋጋ 60 ክሬዲት 12,000 ዶላር አይሞላም፤ እኔ ለ36ቱ ብቻ ከዚያ በላይ ከፍያለሁ። ዕውቅናው የሚድል ስቴትስ ነው። በኦንላይን የሚያስተምረው የሜሪላንድ ግሎባል ካምፐስ ዩኒቨርሲቲም ዕውቅናው ከዚያው ድርጅት ሲሆን፣ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እስከ 70 ክሬዲት ይቀበላል። ለስቴቱ ነዋሪ በክሬዲት ከ300 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል።

«ፔል ግራንት ይከፍልልኛል» የምትሉም አስቡበት። ይህ የፌዴራል ድጎማ በሕይወት ዘመን ለ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ የሚሰጥ ነው። በማይዛወር ክሬዲት ላይ ያዋላችሁት ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ችግር ዝግታው ነው። አማካሪ ለማግኘት ወረፋ አለ፣ ስልክ ቶሎ አይነሣም፣ ደውሎ የሚያባብል የለም። ይህን ችሎ ማለፍ ያዋጣል።

የግሉን ኮሌጅ የግድ ከመረጣችሁ፣ ኮሌጁ በራሱ ገጽ ላይ የለጠፈውን ማኅተም አትመኑ። ሚኒስቴሩ ዳፒፕ (DAPIP) የተባለ ነጻ የመረጃ ቋት አለው። የኮሌጁን ስም አስገቡና ዕውቅና ሰጪው ማን እንደሆነ፣ ዕውቅናው ዛሬም የጸና መሆኑን እዩ። ኤሲክስ (ACICS) የተባለው ትልቅ ዕውቅና ሰጪ ራሱ በ2022 ከሚኒስቴሩ ያገኘውን ተቀባይነት አጥቷል። ከዚያ ወደፊት ልትዛወሩበት ለምታስቡት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር (የተማሪዎች መዝገብ ክፍል) ኢሜይል ጻፉ፦ «ይህ ኮርስ የእናንተን የትኛውን ኮርስ ይተካል?» መልሱ በጽሑፍ ይሁን። «እንቀበላለን» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የምርጫ ኮርስ አድርገው ይይዙትና የዋናውን ትምህርት ኮርስ እንደገና ያስከፍሏችኋል። የእያንዳንዱን ኮርስ ሲለበስም (የኮርሱን ይዘት የሚዘረዝረውን ወረቀት) አትጣሉ።

ነርስነት ለሚያስቡ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። በ2023 በፍሎሪዳ በሦስት ትምህርት ቤቶች ስም ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርስ ዲፕሎማ መሸጡን የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ይፋ አድርጓል። ስለዚህ የኮሌጁን ብቻ ሳይሆን የነርስ ፕሮግራሙን ዕውቅና ለይታችሁ እዩ፤ ልትሠሩበት ያሰባችሁት ስቴት የነርሶች ቦርድ እንደሚቀበለውም ጠይቁ።

የአክስቴ ልጅ ለሬጅስትራሩ ማክሰኞ ጽፋለች። መልሱ እስኪመጣ ለደዋዩ የባንክ ካርዷን ቁጥር አልሰጠችም።