20 ጋሎኗ የኮራል አኳሪየሜ፣ ዓመት ሊሞላት ስትል ያለኝ አስተያየት

ቨርጂኒያ አፓርታማ ውስጥ ነው ምኖረው፣ የጨው ውሃ አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ኮራል ሚባሉትን የባህር እንስሳት ጭምር ልጀምር ለሚል ሰው ከራሴ ታንክ ያየሁትን ልንገራችሁ። የኔ 20 ጋሎን ኦል ኢን ዋን ሚባለው ዓይነት ነው፣ ማለት ፊልተሩ ፓምፑ ሂተሩ (ውሃ ማሞቂያው) ምናምኑ ሁሉ ከኋላ በተከፈለ ክፍል ተደብቆ ሚቀመጥበት፣ ከስር ሌላ ገንዳ የለ ቧንቧ መዘርጋት የለ። ዛሬ እንደ አዲስ ብጀምርም ይችኑ መጠን ነው ምገዛው።

10 ጋሎን ርካሽ ነው ይላሉ፣ ግን ውሃው ባነሰ ቁጥር ሙቀቱም ጨውነቱም ቶሎ ይለዋወጣል፣ ኮራል ደግሞ እንደ መዋዠቅ ሚጠላው ነገር የለም። ትልቅ ከሆነ ደግሞ ሥራው ይበዛል። እኔ በሳምንት 2 ጋሎን ብቻ ነው ምቀይረው፣ በአንድ ባልዲ ያልቃል። ክብደቱን ግን አስቡበት፣ 20 ጋሎን የጨው ውሃ ብቻውን ወደ 77 ኪሎ ነው፣ ድንጋይና አሸዋ ሲጨመርበት ተራ የቲቪ ጠረጴዛ አይችለውም።

ብሩን የት ላውጣው ካላችሁኝ ውሃው ላይ። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ሚያሳዩዋችሁ ውድ ውድ መብራት ነው፣ ለጀማሪ ኮራል ግን መካከለኛ ኤልኢዲ ከበቂ በላይ ነው። እኛ አካባቢ የቧንቧ ውሃው ክሎራሚን ሚባል ጀርም ማጥፊያ አለው፣ ስለዚህ አርኦ ዲአይ ሚባለውን ውሃን ጨርሶ ሚያጠራ ማጣሪያ ግዙ፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር ሚለካው ቲዲኤስ ሜትር 0 ሲያሳይ ነው ጨው ሚበጠበጥበት፣ እስከ 35 ፒፒቲ (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው) ወይም በስፔሲፊክ ግራቪቲ 1.026 አካባቢ። ጨውነት መለኪያውን ሪፍራክቶሜትር ደግሞ በንጹህ ውሃ ሳይሆን ለሱ ተብሎ በሚሸጠው የ35 ፒፒቲ ፈሳሽ አስተካክሉት፣ ያኔ ነው ሚያሳየውን ቁጥር ምታምኑት።

ሁለተኛው የግድ ነገር አውቶ ቶፕ ኦፍ ሚባለው የጎደለ ውሃ መሙያ ነው። ውሃ ይተናል ጨው ግን አይተንም፣ በተለይ ክረምት ቤት ውስጥ ማሞቂያ ሲበራ ውሃው በየቀኑ ይጎድላል ጨውነቱም እየወጣ ይሄዳል፣ ይሄ ዕቃ ራሱ እያየ ንጹህ ውሃ ይጨምራል። አንድ ጊዜ ቀንድ አውጣ ሴንሰሩ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት፣ ማሽኑም ውሃው ሙሉ ነው ብሎ ዝም ብሏል፣ ከዛ ወዲህ ሴንሰሩን በትንሽ የፕላስቲክ መረብ ከልዬዋለሁ። ሂተሩንም ለብቻው አትመኑት፣ ሂተር ሲበላሽ አንዳንዴ እንደበራ ይቀራል፣ ሙቀቱ ሲያልፍ ሚያጠፋው ኮንትሮለር ከውጭ አድርጉለት፣ የኔ 25.5 ዲግሪ ላይ ነው።

ዓሣ ከመግባቱ በፊት ጠቃሚው ባክቴሪያ ታንኩ ውስጥ መራባት አለበት፣ ከቆሻሻ ሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ሚቀይረው እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ከዛ ቡናማ አልጌ አሸዋውን ይሸፍነዋል፣ ዳያተም ነው፣ አትደንግጡ፣ መድኃኒትም አትጨምሩ፣ ራሱ ይሄዳል።

አሁን ያሉኝ ሁለት ኦሴላሪስ ክላውንፊሽ (ብርቱካንማ ነጭ መስመር ያላቸው ትንንሽ ዓሦች) እና አንድ ጎቢ ሚባል ትንሽ ዓሣ ናቸው፣ ለ20 ጋሎን በቃኝ። ክላውንፊሾቹ እርባታ ላይ የተወለዱ ናቸው፣ ሲወለዱ ሁሉም ወንድ ሆነው ነው፣ የበላይ የሆነችው ትልቋ ወደ ሴትነት ትቀየራለች። ሰማያዊ ታንግ ሚሏትን ዓሣ ሁሉም ይፈልጋታል፣ ግን እሷ ከ100 ጋሎን በላይ ነው ሚያስፈልጋት፣ እባካችሁ ትንሽ ታንክ ውስጥ አታሰቃዩአት። አባቴ አሰብ ነው ያደገው፣ መጥቶ ሲያያቸው ቀይ ባህር ላይ ያየው ቢጫና ሁለት ነጭ መስመር ያለው ነበር አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ቀይ ባህር የራሱ ክላውንፊሽ አለው፣ ጨውነቱም 40 ፒፒቲ ገደማ ነው።

ከኮራል ዞአንቲድና መሽሩም በሚባሉት ቀላል ዓይነቶች ጀምሩ። ግሪን ስታር ፖሊፕ ሚባለው ኮራል ያለ ቅጥ ስለሚስፋፋ ለብቻው ድንጋይ ላይ አድርጉት። ዞአንቲድ ስትነኩ ጓንት ይኑራችሁ፣ አንዳንዱ ፓሊቶክሲን ሚባል ከባድ መርዝ አለው፣ ያለበትን ድንጋይ በፍጹም እንዳትቀቅሉ፣ እንፋሎቱ ሰው ሆስፒታል አስገብቷል። ሃመር ኮራል ሚባለው ጠንካራ አጽም ያለው ዓይነት የገባው ወራት ቆይቶ አልካሊኒቲው (ኮራል አጽሙን ሚሠራበት ካርቦኔት መጠን) 8 እና 9 ዲኬኤች መሃል ሲረጋ ነው። ጠዋት መብራቱ ሲበራ እንደ ጣት ያሉት ክሮቹ ጫፍ ከአጽሙ ውስጥ አረንጓዴ ሆነው ቀስ እያሉ ይወጣሉ፣ እኩለ ቀን ላይ አጽሙ ጨርሶ አይታይም፣ አንድ ቀን ሳይከፈት ከዋለ የውሃ መመርመሪያውን ቴስት ኪት አወጣለሁ።

ከታንኩ ማልወደው የኋላው ክፍል ጠባብነት ነው፣ ፓምፑን ለማጽዳት እጅ በደንብ አይገባም። አብሮት የመጣው ፓምፕም ከወራት በኋላ መንጫጫት ስለጀመረ ቀየርኩት፣ አዲሱ ድምፅ የለውም። ክዳንም የለውም፣ ዓሣ ይዘላል፣ መረብ ክዳን ለብቻ መግዛት ነበረብኝ። ጠርዙ ላይ ሚጋገረውን ጨው በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ነው ምጠርገው።

ያገለገለ ታንክ ምትገዙ ከሆነ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ገብቶበት ያውቅ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ፣ መዳብ ድንጋዩና ሲሊኮኑ ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ ዓሣውን ባይጎዳ እንኳ ኮራሉን፣ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን ይገድላል።