የአልጎሪዝምና የሊኒየር አልጀብራ መጻሕፍት ንጽጽር፦ ጎንደር ላይ የትኛው ይገዛል፣ የትኛው ይታተማል?

በአልጎሪዝም፣ በሊኒየር አልጀብራና በማሽን ለርኒንግ በቅርብ ዓመታት ከወጡት ጠንካራ መጻሕፍት ብዙዎቹን ደራሲዎቻቸው በነጻ ለቀዋቸዋል። ይህ ለጎንደር አንባቢ ትልቅ ነገር ነው። ከውጭ የታዘዘ መጽሐፍ አዲስ አበባ ደርሶ እንኳ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይቀረዋል፤ ዋጋውም ከምንዛሬው ጋር ይወጣል። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህ መጽሐፍ ነጻ አቻ አለው? ካለው፣ አቻው ምን ይጎድለዋል? ከዚህ በታች መጻሕፍቱን ጥንድ ጥንድ አድርገን፣ የትኛው ገንዘብ እንደሚገባውና የትኛው ፎቶ ኮፒ ቤት ቢታተም እንደሚበቃ ለይተናል። የመጻሕፍቱ የኅትመት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አልጎሪዝም፦ ወፍራሙና ቀጭኑ

ኮርመን፣ ላይዘርሰን፣ ሪቨስትና ስታይን የጻፉት «ኢንትሮዳክሽን ቱ አልጎሪዝምስ» 4ኛ እትሙ በ2022 ከኤምአይቲ ፕሬስ ወጣ፤ 1,312 ገጽ ነው። የጄፍ ኤሪክሰን «አልጎሪዝምስ» በ2019 ወጣ፤ 472 ገጽ ነው። የሁለተኛውን ፒዲኤፍ ደራሲው በነጻ ለቆታል፤ ፈቃዱም ስሙ እስከተጠቀሰ ድረስ ማባዛትንና ማሰራጨትን ስለሚፈቅድ፣ አሳትሞ ማስጠረዝ ከሕግም ከሕሊናም አያጋጭም።

ወፍራሙ ማጣቀሻ ነው። ሶርቲንግ፣ ሂፕ፣ ሃሽ ቴብል፣ ሬድ-ብላክ ትሪ፣ ቢ-ትሪ ሁሉም በሱዶኮድ (ፕሮግራም መሰል የአሠራር ጽሑፍ) እና በማረጋገጫ ተቀምጠዋል። ኤሪክሰን ግን አንባቢው ዳታ ስትራክቸር (መረጃ የሚደራጅበትን ዘዴ) ተምሮ እንደመጣ አድርጎ ይጽፋል፤ ሬድ-ብላክ ትሪን ከመጽሐፉ ልማር ያለ ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል። 12 ምዕራፎቹ ከሪከርሽን (ችግርን በራሱ ትናንሽ ቅጂዎች ከመፍታት) ተነስተው በባክትራኪንግ፣ በዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ (የትናንሽ ችግሮችን መልስ በሠንጠረዥ መዝግቦ ትልቁን በመፍታት) እና በግራፍ አልፈው ኤንፒ-ሃርድነስ (ፈጣን መፍትሔ ያልተገኘላቸው ችግሮች) ላይ ያበቃሉ።

ሁለቱን ለመመዘን አንድ ርዕስ ይበቃል፦ ኤዲት ዲስታንስ። አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ቢያንስ ስንት ፊደል ማስገባት፣ ማውጣት ወይም መተካት ያስፈልጋል? «ጎንደር» እና «ጐንደር» እያንዳንዳቸው 4 ፊደል ናቸው፤ የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ስለሚተካ ርቀታቸው 1 ነው። ርቀቱ የሚሰላበት ሠንጠረዥ ባዶውን ቃል ጨምሮ 5 በ5፣ ማለትም 25 ሕዋስ ይሆናል። ኤሪክሰን ይህን በዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ምዕራፉ ከሥሩ ያስተምረዋል። በመጨረሻው ፊደል ላይ ምን ሊደረግ እንደሚችል ይጠይቃል፤ ከዚያ ሪከርሽኑን ይጽፋል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ሕዋስ በየትኞቹ ሦስት ጎረቤቶቹ ላይ እንደሚመካ ያሳያል፤ ሠንጠረዡ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሞላ የሚወሰነው በስተመጨረሻ ነው። ወፍራሙ መጽሐፍ በዚያው ምዕራፍ የሚያስተምረው የሁለት ቃላትን ረጅሙን የጋራ ተከታታይ (በሁለቱም ውስጥ በዚያው ቅደም ተከተል የሚገኙ ፊደሎችን) ማግኘትን ነው፤ ኤዲት ዲስታንስን ከምዕራፉ መጨረሻ ላይ ተማሪው ራሱ እንዲሠራው ይተወዋል።

ይህ ልዩነት ፈተና ላይ ዋጋ ያስከፍላል። በረጅሙ የጋራ ተከታታይ የሠንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍና የመጀመሪያ ዓምድ በሙሉ ዜሮ ናቸው። በኤዲት ዲስታንስ ግን 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያሉ ይወጣሉ፤ ከባዶ ቃል ተነስቶ 3 ፊደል ለመድረስ 3 ጊዜ ማስገባት ያስፈልጋልና። ዜሮዎቹን እንዳሉ የገለበጠ ተማሪ «ጎንደር»ን ከ«ጐንደር» ጋር ሲያነጻጽር 1 ስለሚያገኝ ስህተቱ አይታየውም። «ጎንደር»ን ከ«ንደር» ጋር ሲያነጻጽር ግን 1 መውጣት ሲገባው 0 ይወጣበታል። ሪከርሽኑን ጽፎ የተነሳ ሰው እዚህ ላይ አይሳሳትም፤ የመነሻው ረድፍ ከሪከርሽኑ ራሱ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ለሚማር ሰው ቀጭኑን እናስቀድማለን።

ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጠው 3ኛ እትም (2009) ይሻላል ወይ? ለአብዛኛው ትምህርት ይበቃል። 4ኛው እትም በባይፓርታይት ግራፍ ማጣመር፣ በኦንላይን አልጎሪዝምና በማሽን ለርኒንግ አልጎሪዝም ላይ ሦስት አዳዲስ ምዕራፎች ጨምሯል፤ 140 አዳዲስ መልመጃዎችና 22 አዳዲስ ችግሮችም አሉት። በምትኩ ፊቦናቺ ሂፕ፣ ቫን ኤምደ ቦአስ ትሪና ኮምፒዩቴሽናል ጂኦሜትሪ ወጥተዋል። እነዚህን የሚያስተምር መምህር አሮጌውን እንዳይሸጥ። ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው የምዕራፍ ቁጥር ነው። «ምዕራፍ 15» ሲባል በ3ኛው እትም ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ፣ በ4ኛው ግሪዲ አልጎሪዝም ነው፤ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌሎች ሁሉ አጭሩን መንገድ የሚያስተምረው ምዕራፍም ከ24 ወደ 22 ወርዷል። ክፍሉ በየትኛው እትም እንደሚሄድ ሳትጠይቁ አትግዙ።

ባጭሩ ኤሪክሰንን አሳትሙ። ወፍራሙን የሚገዛው ከአንድ ሴሚስተር በላይ የሚጠቀምበት ሰው ነው፤ ማስተርስ የሚማር፣ የሚያስተምር፣ ወይም ከሦስት አራት ጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ የሚገዛ። ለአንድ ኮርስ ብቻ ከሆነ ገንዘቡን ያዙ።

ሊኒየር አልጀብራ፦ በዲተርሚናንት ወይስ ያለ ዲተርሚናንት?

የጊልበርት ስትራንግ «ኢንትሮዳክሽን ቱ ሊኒየር አልጀብራ» 6ኛ እትምና የሼልደን አክስለር «ሊኒየር አልጀብራ ደን ራይት» 4ኛ እትም ሁለቱም በ2023 ወጡ። ስማቸው ቢቀራረብም የተጻፉት ለተለያየ ሰው ነው። አንድ ትንሽ ማትሪክስ ልዩነቱን ያወጣዋል፤ የመጀመሪያው ረድፍ 2 እና 1፣ ሁለተኛው ረድፍ 1 እና 2 ይሁን። አይገንቫልዩዎቹ (ማትሪክሱ አቅጣጫቸውን የማይለውጣቸው ቬክተሮች የሚባዙባቸው ቁጥሮች) ስንት ናቸው?

በስትራንግ መንገድ ከሰያፉ ላይ ላምዳ (የምትፈልጉትን አይገንቫልዩ) ትቀንሳላችሁ፣ ዲተርሚናንቱን (ከማትሪክሱ የሚሰላውን አንድ ቁጥር) ዜሮ ታደርጋላችሁ፤ ላምዳ ስኩዌር − 4 ላምዳ + 3 = 0 ይመጣል፣ መልሱ 3 እና 1። እጅ የሚለምደው ሥራ ነው። በአክስለር መንገድ ደግሞ ማንኛውንም ቬክተር ትይዛላችሁ፣ ለምሳሌ (1፣ 0)። ማትሪክሱ አንድ ጊዜ ሲያርፍበት (2፣ 1)፣ ሁለት ጊዜ ሲያርፍበት (5፣ 4) ይሆናል። ሦስት ቬክተሮች በሁለት ዳይሜንሽን ውስጥ እርስ በርስ ነጻ ሊሆኑ አይችሉም፤ እውነትም ከሦስተኛው የሁለተኛውን 4 እጥፍ ቀንሳችሁ የመጀመሪያውን 3 እጥፍ ብትደምሩ ዜሮ ነው። 1፣ −4፣ 3፦ ያው እኩልነት ያለ ዲተርሚናንት መጣ። አክስለር ዲተርሚናንትን እስከ መጨረሻው፣ እስከ 9ኛው ምዕራፍ ድረስ የሚያቆየው ለዚህ ነው፤ አይገንቫልዩ ለምን እንደሚኖር ከስሌቱ በፊት እንዲገባችሁ።

ስለዚህ የኮምፒውተር ሳይንስ ወይም የምህንድስና ተማሪ ስትራንግን ይያዝ። የመልመጃዎቹ መልስ በመጽሐፉ ድረ ገጽ አለ፤ የኤምአይቲ የትምህርት ቪዲዮዎቹም በነጻ ይታያሉ። ቪዲዮዎቹ ከ6ኛው እትም ቀድመው የተቀረጹ ስለሆኑ የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ በምዕራፍ ቁጥር ሳይሆን በርዕስ ፈልጉ። የ2016ቱን 5ኛ እትም በቅናሽ ያገኘ ሰው ያለ ሐሳብ ይግዛው። የሒሳብ ተማሪ ግን፣ በተለይ ወደ ማስተርስ የሚያስብ፣ አክስለርን ይያዝ። ማረጋገጫ መጻፍ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው፤ ከ250 በላይ አዳዲስ መልመጃዎችም ተጨምረውበታል። መልስ ግን አብሮት አይመጣም። ብቻችሁን የምታነቡ ከሆነ ሥራችሁን የሚያይላችሁ መምህር ወይም ጓደኛ አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ያለዚያ የተሳሳተ ማረጋገጫ ትክክል መስሏችሁ ታልፉታላችሁ። ፒዲኤፉ ነጻ ነው፤ ፈቃዱ ንግድን ስለማይጨምር ለራሳችሁ ጥናት አሳትሙት እንጂ አትሽጡት።

ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ስትራንግን ገዝታችሁ አክስለርን አሳትሙ።

ማሽን ለርኒንግ

እዚህ ላይ መግዛት አያስፈልግም። የዳይዘንሮት፣ የፋይሰልና የኦንግ «ማቴማቲክስ ፎር ማሽን ለርኒንግ» (2020) እና የሳይመን ፕሪንስ «አንደርስታንዲንግ ዲፕ ለርኒንግ» (2023) ሁለቱም በነጻ ፒዲኤፍ ይገኛሉ። የመጀመሪያው መሠረት ነው፤ ማትሪክስ፣ የቬክተር ካልኩለስ፣ ፕሮባቢሊቲና ኦፕቲማይዜሽን አስተምሮ በአራት ችግሮች ያሳርጋል። ሁለተኛው ትራንስፎርመርንና ዲፊውዥንን፣ ማለትም ዛሬ ጽሑፍና ምስል የሚያመነጩትን የሞዴል ዓይነቶች፣ ያስተምራል። በ2016 የወጡ የዲፕ ለርኒንግ መጻሕፍትን በውድ አትግዙ፤ ትራንስፎርመር የመጣው በ2017 ነው። ፕሪንስን በጥቁርና ነጭ ከማሳተም ግን ተቆጠቡ። ሥዕሎቹ በቀለም ስለሚናገሩ ሰማያዊውም ብርቱካኑም መስመር አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል። በስክሪን አንብቡት።

ዲስክሪት ሒሳብ፦ በአበቅቴ መፈተን

የሮዘን «ዲስክሪት ማቴማቲክስ ኤንድ ኢትስ አፕሊኬሽንስ» 8ኛ እትም (2019) ከ1,000 ገጽ በላይ ነው፤ የኦስካር ሌቪን «ዲስክሪት ማቴማቲክስ፦ አን ኦፕን ኢንትሮዳክሽን» ደግሞ ቀጭንና ነጻ ነው። ለቆጠራ፣ ለሎጂክና ለግራፍ ሌቪን ይበቃል። የቁጥር ቲዎሪ ላይ ግን ሮዘን ሙሉ ምዕራፍ ሲሰጥ ሌቪን በአጭሩ ያልፈዋል።

በጎንደር ይህን የምትለኩበት መለኪያ ቅርብ ነው፤ የአብነት ተማሪ ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት) ሲማር የሚሠራው ይህንኑ የትርፍ ሒሳብ ነው፤ ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት በዚህ ስሌት የሚወጡ ቁጥሮች ናቸው። ለ2018 ዓ.ም፦ 5500 ሲደመር 2018 = 7518፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ 1 ሲነሳለት ወንበሩ 12። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ (30 እየተቀነሰ ትርፉ ሲያዝ) አበቅቴ 12። በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ድምራቸው 30። በሌላውም ዓመት ድምሩ 30 የሚሆነው ለምንድን ነው? 11 እና 19 ራሳቸው ተደምረው 30 ስለሆኑ። የያዛችሁት መጽሐፍ የሞዱሎ (የትርፍ ሒሳብ) ክፍሉን አንብባችሁ ይህን ማረጋገጫ በሁለት መስመር እንድትጽፉ ካበቃችሁ ሥራውን ሠርቷል።

ሮዘንንም ሆነ ሌላውን ስትገዙ ሽፋኑ ላይ «ግሎባል» ወይም «ኢንተርናሽናል» የሚል ካለ ተጠንቀቁ። በአንዳንዶቹ የመልመጃ ቁጥሮችና የምዕራፍ አደራደር ከዋናው ይለያሉ፤ የቤት ሥራ በቁጥር ሲሰጥ ሌላ ጥያቄ ሠርታችሁ ትመጣላችሁ። ባለ 13 አሃዙን አይኤስቢኤን (የመጽሐፉን መለያ ቁጥር) መምህሩ ከሰጠው ጋር አመሳክሩ።

ስታሳትሙ

ከቤት ሳትወጡ የፒዲኤፉን የገጽ መጠን ተመልከቱ። በአንድ ፊት ሁለት ገጽ ማሳተም ወረቀቱን በግማሽ ይቀንሳል፤ ግን የፋይሉ ገጽ ኤ4 ከሆነ ጽሑፉ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል፣ 10 ነጥብ የነበረው 7 ይሆናል፣ የግርጌ ኢንዴክሶቹም አይነበቡም። ገጹ 15.5 በ23.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ወደ 89 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚወርድ ደህና ይነበባል። ኤሪክሰን አንድ ገጽ በአንድ ፊት፣ ፊትና ጀርባ ሲታተም 236 ወረቀት ነው፤ በ80 ግራም ወረቀት ወደ 2.4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይመጣል፣ አንድ ስፓይራል ይይዘዋል። በስፓይራል በኩል ያለውን ኅዳግ ሰፋ አስደርጉ፤ ቀዳዳው ቀመሩን እንዳይበላው።

ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት ቀመር የበዛበትን አንድ ገጽ ብቻ አስወጡና እዩት። ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ካልተካተተ የድምር ምልክቱና የግሪክ ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ሆነው ይወጣሉ፤ እንደ ምስል እንዲታተም ስታዙ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል። ከኮፒ የተኮፐ ኮፒ ከሆነ ደግሞ «≤» የታችኛው መስመሩ ጠፍቶ «<» ይሆናል፤ የሉፕን ገደብ በአንድ የሚያሳስት ስህተት ስለሆነ ሱዶኮድ ያለበትን ገጽ አጉልታችሁ ተመልከቱ። ከተጠረዘ በኋላም ሂሳብ ሳትከፍሉ የገጽ ቁጥሮቹን ግለጡ፤ ማሽኑ ሁለት ወረቀት አብሮ ሲስብ የሚጎድለው ገጽ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።