ስምንት ወር በባለ ሲ ጎማ፦ መኪናዬን ያወዛወዘው ንፋሱ ነበር

ለሃይሩፍ ሚኒባሴ «195 አር 15 ሲ» የተባለውን («ሲ» ለጭነት መኪና የተሠራ ማለት ነው) ባለ 8 ፕላይ (የጎማ ጥንካሬ ደረጃ) ጎማ ለአራቱም እግር ከገዛሁ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ግን በግዢዬ ክፉኛ ተጸጽቼ ነበር። ሰውና ዕቃ ጭኜ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ መኪናው መሪውን ካዞርኩ በኋላ ዘግይቶ ይታዘዛል፣ በየኩርባውም ወደ ጎን ያጋድላል። ሾክ አብዞርበር አስቀየርኩ፣ ባሌስትራ አስፈተሽኩ፤ ለውጥ አልነበረም።

በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ ሹፌር «ልጄ፣ ንፋሱን ሳትለካ መኪናውን ለምን ታስፈታለህ?» አሉኝ። ሲለካ አራቱም 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነበሩ፤ ጎሚስታው እንደ ቤት መኪና ሞልቷቸው ኖሯል። ጎማው ላይ ያለው 106 የሚል ቁጥር አንዱ ጎማ እስከ 950 ኪሎ እንደሚሸከም ያመለክታል፤ ይህን አቅም የሚያገኘው ግን የተወሰነለት ንፋስ ሲሞላ ብቻ ነው። ንፋሱ ሲጎድል መሪው መጀመሪያ የጎማውን ጎን ያጣምማል፣ መኪናው የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንደ ሃይሩፍ ቁመቱ የረዘመ መኪና ደግሞ ይህን መዘግየት በእጥፍ ያሰማል። በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ልክ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስሞላሁ። በዚያው ቁልቁለት መኪናው እንዳዘዝኩት ሄደ፤ ደስታዬን መግለጽ ያቅተኛል።

«ቆላ ስትወርድ ንፋስ ከበዛ ይፈነዳል» ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ጎማን በአብዛኛው የሚያፈነዳው የንፋስ ማነስ ነው፣ ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ውስጡ ስለሚግል። ከአዲስ አበባ በጠዋት ብርድ ለክቼ አዋሽ ስደርስ 5 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ አገኘሁት፤ ይህ ሙቀት የሚያመጣው የሚጠበቅ ጭማሪ ስለሆነ «ላጉድልልህ» ያለኝን ልጅ አጥብቄ ከለከልኩት።

ባዶውን በኮብልስቶን ሲሄድ የኋላው ይነጥራል፤ ይህን እችለዋለሁ። በእነዚያ ሁለት ወራት የተበሉት የጎማዎቹ ጠርዞች ግን አይመለሱም። ለዚህ የምወቅሰው ጎማውን አይደለም፤ ዋጋውን ቆጥሮ ሲቀበለኝ ስለ ንፋስ አንዲት ቃል ያልተናገረኝን ነጋዴ ነው።