ልጆቼን ለአላስካ ብርድ ያዘጋጁልኝ የሐዋሳዋ ልብስ ሰፊ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ገና ከመንገድ እንደገባን ነበር። ሻንጣው ሳይፈታ ትምህርት ተጀመረ፤ ሥራውም ኑሮውም ተደራረበና ዘገየሁ። ትናንት ቁም ሳጥን ሳጸዳ የትንሹ ልጄ ጓንት ከነገመዱ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አላስቻለኝም።

የማመሰግናቸው ሴት ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ የእግር ሲንጀር ልብስ የሚሰፉ እናት ናቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ አላወጣም። እኛ ቤት «እትዬ» ነው የምንላቸው። ትውልዳቸው መንዝ ነው። ሐዋሳ ከገቡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ስለ ብርድ ሲያወሩ ግን ትናንት ከመንዝ የመጡ ነው የሚመስሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ እህት ሲያትል ትኖራለች። በ2016 ክረምት ሁላችንንም ጠራችን። እሷ ጋ ትንሽ ሰንብተን፣ ከዚያ አብረን ለሰባት ቀን በመርከብ ወደ አላስካ ልንሄድ። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ወንድሟ ስድስት። እነዚህ ልጆች የሚያውቁት ውሃ የሐዋሳን ሐይቅ ነው። የሚያውቁት ጀልባ ከፍቅር ሐይቅ ተነስቶ ጉማሬ አሳይቶ የሚመልሰውን ነው። ብርድ ማለት ለእነሱ ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ነው፤ እሱም በአንድ ስስ ሹራብ ያልፋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር፣ የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም። ከሲያትል የሚነሱት የአላስካ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ ቪክቶሪያ የምትባል የካናዳ ከተማ ላይ ይቆማሉ። ምክንያቱ በፈረንጆቹ 1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። የውጭ አገር ባንዲራ የያዘ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ያነሳውን መንገደኛ ሌላ አገር ሳይረግጥ መልሶ አሜሪካ ላይ እንዲያወርድ አይፈቅድም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ የካናዳንም ቪዛ ቀድማችሁ አስቡበት። የአሜሪካ ቪዛችሁም ወጥታችሁ እንድትመለሱ የሚያስችል መሆኑን አረጋግጡ። እኛ የነቃነው የመርከቡ ቦታ ከተያዘ በኋላ ነው። ያ ጭንቀት ለማንም አይድረስ።

ወደ ልብሱ ልመለስ። ለልጆቹ ጃኬት ገዛን። ሱቁን አልጠራውም፤ ሻጩ ግን «ጠብታ አያሳልፍም» ብሎ ምሎልን ነበር። እጅጌው ረዝሞ የልጆቹን ጣት ስለዋጠ ለማሳጠር ነው እትዬ ጋ የሄድኩት። ሥራው የአንድ ሰዓት መስሎኝ ነበር።

«የት ሊለብሱት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አላስካን አያውቁትም፤ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን ማንም ያልጠየቀኝ ነበር። «ብርዱ ደረቅ ነው እርጥብ?»

አላውቅም ነበር። እዚያው ሆኜ ሲያትል ደወልኩ። እህታችን ሳቀችና «ሐምሌ ላይ በረዶ አይዘንብም፤ ዝናቡ ግን አይጣል ነው» አለች። በኋላ ሳጣራ አንደኛዋ የምንቆምባት ከተማ፣ ኬቺካን፣ በዓመት ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ዝናብ የምታገኝ ናት። ሐዋሳ በዓመት አንድ ሜትር ገደማ ነው የሚዘንብባት። አስቡት እንግዲህ።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ጃኬቱን ተቀበሉኝና ገልብጠው እጃቸውን በትከሻው በኩል ወደ ውስጥ አስገቡ። ከጆጉ በኒኬል ብርጭቆ ውሃ ቀዱ። ትከሻው ላይ፣ ልክ ስፌቱ ላይ፣ ቀስ አድርገው አፈሰሱት። ጨርቁ መለሰው፤ ውሃው እየተንከባለለ ወረደ። እኔ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን አወጡና መዳፋቸውን አሳዩኝ። መሃሉ ላይ እንደ መስመር የተሰለፉ ጥቃቅን ጠብታዎች ነበሩ።

«ጨርቁ አልዋሸሽም፣ መርፌው ነው» አሉኝ። ለካ ስፌት ማለት የቀዳዳ ሰልፍ ነው። ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ብትገዙም መርፌ በገባበት ሁሉ ዝናብ ይገባል። ጥሩ ጃኬት ስፌቱ ከውስጥ በኩል በፕላስተር መሰል ነገር ይታሸጋል። የእኛው አልታሸገም ነበር። እትዬ ንጹሕ የማር ሰም አስመጡ። እያንዳንዱን ስፌት በሰም አሹት፤ ከላዩ ወረቀት አድርገው ለብ ባለ ካውያ ተጫኑት። ሰሙ ቀልጦ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ቀን ያንኑ የውሃ ፈተና ደገሙት። መዳፋቸው ደረቅ ነበር።

እጅጌውንም አልቆረጡትም። «ልጅ ያድጋል» ብለው ወደ ውስጥ አጥፈው ሰፉት። ዘንድሮ ተፈቶ ለቀቅ ተደርጓል፤ ልጄ አሁንም ትለብሰዋለች።

ከዚያ የውስጥ ልብሱን ጠየቁኝ። እኔ የያዝኩት የጥጥ ቲሸርትና የጥጥ ቱታ ነበር፣ ደህና አድርጎ የሚያሞቅ የመሰለኝ። «ይህ ለሐዋሳ ነው» አሉና ወደ ጎን አደረጉት። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ ከጠጣም ቶሎ አይለቅም። ላብም ይሁን ዝናብ አንዴ ከያዘ ሰውነት ላይ ይቀዘቅዛል። የበግ ጠጉር ግን ረጥቦም ሙቀት ይይዛል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም። በመንዝ እረኛው ባናውን ለብሶ ዝናብ ላይ ሲውል እያዩ ያደጉ ናቸው።

የባለቤቴን አሮጌ የሱፍ ሹራብ አምጪ አሉኝ። ሰጠኋቸው። ተርትረው ክሩን አጥበው አደረቁትና ሁለት ኮፍያና ሁለት ጥንድ ጓንት ሠሩበት። ከፖሊስተር ብርድ ልብስ ደግሞ ከጃኬቱ ሥር የሚለበስ ሸሚዝ መሰል ነገር ቆርጠው ሰፉ። ከሥር ገላ ላይ ልጥፍ የሚል፣ መሃል ላይ የሚያሞቅ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የሚመልስ። ወፍራም አንድ ልብስ ከመልበስ ስስ ሦስቱ ይሻላል አሉ፤ ልጁ ሲሞቀው አንዱን ታወልቂለታለሽ፣ ሲበርደው ትመልሺለታለሽ።

ጓንቶቹ ጣት ለጣት አልነበሩም። አውራ ጣት ብቻዋን፣ አራቱ አንድ ላይ። «ተጠጋግተው ይሟሟቁ» አሉ። ሁለቱን ጓንት ደግሞ በአንድ ረጅም የሱፍ ገመድ አያይዘው በጃኬቱ ውስጥ ከአንዱ እጅጌ ወደ ሌላው አሳለፉት። ልጁ ጓንቱን ቢያወልቅም ከእጅጌው ሥር ተንጠልጥሎ ይቀራል። የዚያን ገመድ ጥቅም በኋላ ነው የማወራው።

ሰኔ ላይ አንድ እሁድ ልጆቹን አልብሰን ሀገረ ሰላም ወጣን። እዚያ ያለውን ጭጋግና ካፊያ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሜዳ ላይ ሮጡ። ስንመለስ እጄን በአንገታቸው ሰደድኩ፤ ደረቅና ሙቅ ነበሩ። ያን ቀን ነው ልቤ ያረፈው።

መርከቡ ገና ሳይነሳ አደጋ ቢመጣ የት እንደሚኬድ ለሁሉም መንገደኛ ያሳያሉ። ለልጆች የመሰብሰቢያቸው ቁጥር ያለበት አምባር እጃቸው ላይ ያስሩላቸዋል። የመጀመሪያው ሌሊት ከባድ ነበር። ከሲያትል ወጥቶ ሰፊው ውቅያኖስ ላይ ሲገባ መርከቡ ይናወጣል፤ ልጄ አስመለሳት። ዝንጅብል ይዤ ነበር፣ ረዳት። ደሴቶቹ መሃል ሲገባ ባሕሩ እንደ ሐዋሳ ሐይቅ ይረጋጋል።

ጁኖ የአላስካ ዋና ከተማ ናት፤ ከሌላ ከተማ ወደ እሷ የሚያስገባ የመኪና መንገድ ግን የለም። በውሃ ወይም በአየር ብቻ ነው የሚገባው። ይህን ለልጄ ስነግራት «መናኸሪያ የላቸውም?» አለችኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎም ብርሃን ነው፤ ልጆችን ማስተኛት መከራ ነው፣ መጋረጃውን ዝጉት። እዚያው ጁኖ ላይ የእኔ ጥፋት ታየ። ስለ ጃኬቱ ስጨነቅ ጫማውን ረስቼው ነበር። የሁለቱም ስኒከር በዝናብ ራሰ፣ የፕላስቲክ ቦቲ በውድ ዋጋ ገዛን። እናንተ ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ግን ሁሌም የማስበው ግላሲየር ቤይ የዋልንበትን ቀን ነው። ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በቀን ሁለት ትልልቅ የመንገደኛ መርከብ ብቻ ነው የሚገባው። ጠዋት ላይ የፓርኩ ጠባቂዎች በትንሽ ጀልባ መጥተው፣ መርከቡ ሳይቆም በመሰላል ወጡ። ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ያስረዳሉ፤ ለልጆችም የሚሞሉት መጽሐፍ ይሰጣሉ። ከ270 ዓመት ገደማ በፊት ያ ባሕረ ሰላጤ በሙሉ በበረዶ የተሞላ ነበር። ከዚያ ወዲህ በረዶው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሸሽቷል። ከሐዋሳ ዲላ ይርቃል ማለት ነው።

መርከቡ ማርጀሪ የሚባለው የበረዶ ግግር ፊት ቆመ። ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ከውሃው በላይ ያለው ብቻ ከሃያ ፎቅ ይበልጣል። ቀለሙ ነጭ አይደለም፣ ሰማያዊ ነው። ከበረዶው ላይ የሚወርደው ነፋስ ፊት ይቆርጣል። ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ፤ በመስታወት ማየት ጀመሩ። የእኔዎቹ «ቀዝቅዟችኋል?» ስላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም። ከአንድ ሰዓት በላይ ደጅ ቆሙ።

ልጄ በስልክ ቪዲዮ ልትቀርጽ ጓንቷን አወለቀች። ነፋሱ መነጨቀው። ከመርከቡ ምንም ነገር ውሃው ላይ እንዳይወድቅ አደራ ተብለን ነበርና ክው አልኩ። ጓንቱ ግን ገመዱ ላይ እየተወዛወዘ ክንዷ ሥር ቀረ። ወዲያው የበረዶው ግድግዳ ተገመሰ። አንድ ቤት የሚያክል ቁራጭ ያለ ድምፅ ወደቀ፣ ውሃው ተነሳ፣ ከዚያ ነው ድምፁ የደረሰን። የአገሩ ተወላጆች፣ ትሊንጊት የሚባሉት፣ ያንን ድምፅ «ነጭ ነጎድጓድ» ይሉታል። ወንዱ ልጄ እግሬን ጥምጥም አድርጎ ያዘኝ። ከዚያ «ድገሚው በላት!» አለ አባቱን።

ውስጥ ብንገባ ኖሮ ድምፁን አንሰማውም ነበር።

ስንመለስ ለእትዬ ከጁኖ የሱፍ ክር ይዘንላቸው ሄድን። ልጆቹም አብረው። ቡና አፈሉልን። ልጄ ቪዲዮውን አሳየቻቸው፤ በረዶው ሲገመስ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ከዚያ ስልኩን አቅርበው ደግመው አዩት። የፈለጉት በረዶውን አልነበረም። ጥግ ላይ የሚወዛወዘውን ጓንት ነበር የሚያዩት። «አውራ ጣቷ ጋ ጠቧታል፣ አላየሁትም ነበር» አሉና ጓንቱን እንዳመጣላቸው ነገሩኝ።

እትዬ፣ እጅዎን ይባርከው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብርድ አገር የምትሄዱ፣ ባሌ ሳነቴ ወይም ሰሜን ተራራ የምትወጡም ብትሆኑ፣ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሂዱ። ዋጋቸውን ቀድመው ይናገራሉ፣ ከተናገሩት አይጨምሩም፤ ባሉት ቀን ያደርሳሉ። እሁድ አይሠሩም። ነሐሴና መስከረም የተማሪ ዩኒፎርም ስለሚበዛባቸው ቢያንስ ወር ቀደም በሉ። አሮጌ የሱፍ ሹራብ ካላችሁ አትጣሉት፣ ይዛችሁ ሂዱ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እኔው ራሴ አደርሳችኋለሁ።