በእጃችን ያለና የሌለ፦ በሐዋሳ የሚሰጥ የስቶይክ ፍልስፍና ሥልጠና ግምገማ

በሐዋሳ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለሚሰጠው የስቶይክ ፍልስፍና (በጥንታዊት ግሪክ የተጀመረ፣ በእጃችን ያለውን ከሌለው ለይተን በምግባር እንድንኖር የሚያስተምር ፍልስፍና) ሥልጠና ይህን ግምገማ የምጽፈው፣ ራስን ስለማሳደግ በከተማችን ከሚሰጡት በርካታ ሥልጠናዎች መካከል ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን ቢያወጣበት የማይቆጭበት ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ይህን ስል ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በዚህ ፍልስፍና ዋና ከሚባሉት ነገሮች አንዱን፣ ፍትሕን፣ በቸልታ አልፎታል፤ ይህም ለጀማሪ በቀላሉ የሚታይ ጉድለት ስላልሆነ ሰፋ አድርጌ ልመለስበት እወዳለሁ።

አሠልጣኙ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለታሪክ የሰጡ ሲሆን፣ ዘመን ከመደርደር ይልቅ ሰዎቹን ማስተዋወቅን መርጠዋል። የዚህ ፍልስፍና መሥራች የቆጵሮሱ ዜኖ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ አቴንስ ውስጥ ማስተማር እንደ ጀመረ በአጭሩ ከገለጹ በኋላ በሮም ዘመን የኖሩትን ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን አቀረቡልን፤ የንጉሠ ነገሥት ኔሮን አማካሪ የነበረውንና በዚያው በኔሮን ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ65 ራሱን እንዲያጠፋ የተገደደውን ባለጸጋውን ሴኔካን፣ በባርነት ያደገውንና እግሩ የሚያነክሰውን ኤፒክቴተስን፣ እ.ኤ.አ. ከ161 እስከ 180 የነገሠውን ማርከስ ኦሬሊየስን። ኤፒክቴተስ ነፃ ከወጣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ዶሚሺያን ፈላስፎችን ከሮም ሲያባርር ወደ ግሪክ ተሻግሮ በኒኮፖሊስ ትምህርት ቤት ከፈተ። ራሱ መጽሐፍ አልጻፈም፤ ቃሉን መዝግቦ ያቆየልን ተማሪው አሪያን ነው። ያንን የባሪያ ትምህርት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ማርከስ አንብቦ እንደ ተመራበት ሲነገር፣ በአዳራሹ የነበርነው ነጋዴውም፣ መምህሩም፣ የቀን ሠራተኛውም ትምህርቱ ለእኛም ሊሆን እንደሚችል የተሰማን ይመስለኛል።

የሥልጠናው ጥንካሬ የሚታየው ግን ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ነው። ኤፒክቴተስ አሪያን ባጠናቀረለት አነስተኛ መመሪያ መክፈቻ ላይ፣ ከነገሮች መካከል በእጃችን ያሉና የሌሉ እንዳሉ ይናገራል። ፍርዳችን፣ ፍላጎታችን፣ የምንከጅለውና የምንሸሸው በእጃችን ሲሆኑ፣ አካላችን፣ ንብረታችን፣ ስማችንና ሹመታችን ከእጃችን ውጪ ናቸው። ይህን ቃል በየስልካችን ደጋግመን አንብበነዋል፤ ሥራ ላይ ሲውል ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ቤንዚን ለመቅዳት ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ተራው ሊደርስ ሲል «አልቋል» መባሉን ሲናገር፣ አሠልጣኙ ሰሌዳውን በአንድ መስመር ለሁለት ከፍለው፣ ግራውን ከእጃችን ውጪ ለሆነው፣ ቀኙን በእጃችን ላለው አድርገው ማርከሩን ለእሱ ሰጡት። ወጣቱ «ወረፋው»፣ «ቤንዚኑ»፣ «ቀጂው» እያለ በግራ በኩል ከጻፈ በኋላ እጁን አቁሞ፣ «መምህር፣ ንዴቱስ በየት በኩል ይግባ? እኔ ጠርቼው አልመጣም እኮ» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ ሴኔካም ስለ ቁጣ በጻፈው ድርሳን በሰፊው ተነጋግሮበታል። አሠልጣኙ የመለሱት በዚያው መንገድ ነው። የመጀመሪያው የደም መፍላትና የፊት መለዋወጥ ሳንፈቅድ የሚመጣ ስለሆነ ማንም አይወቀስበትም። ከዚያ ቀጥሎ በልባችን የምንናገረው «ንቀውኝ ነው፤ ማሳየት አለብኝ» የሚለው ቃል ግን ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ እኛ ካልተስማማንበት አይጸናም። ወጣቱም «የደም መፍላት» ብሎ በግራ፣ «ንቀውኝ ነው» ብሎ በቀኝ ጻፈና ሰሌዳውን ቆም ብሎ ተመለከተው። ይህ ትምህርት ከልጅነታችን ጀምሮ ከለመድነው፣ ንዴትን ዋጥ አድርጎ ሆድ ይፍጀው ብሎ ከማለፍ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሆድ የሚፈጀው ንዴት ውሎ አድሮ ቤተሰብ ላይ ይወጣል፤ እዚህ የምንማረው ግን ንዴቱ የቆመበትን ፍርድ አውጥተን እውነት መሆን አለመሆኑን እንድንመረምር ነው።

ጉድለቱን ያየሁትም በዚያው ዕለት ነበር። በእህል ንግድ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ብድግ ብለው፣ «እንግዲያው ልጄ፣ በዱቤ ወስዶ የካደኝን ሰው ከእጄ ውጪ ነው ብዬ ልተወው?» አሉ። አሠልጣኙ «እናቴ፣ ሰላምዎን አይሽጡበት፤ ይተዉት» ብለው ወደ ሌላ ርእስ አለፉ። መልሱ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ስቶይኮች ያስተማሩት ግን ይህን አይደለም። ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ የእነሱን ትምህርት ሲያስረዳ ባቀረበው ምሳሌ፣ ቀስተኛ ዒላማውን ለመምታት የሚቻለውን ሁሉ ያደርጋል፤ በትክክል ማነጣጠር የእሱ ሥራ ነው፤ ፍላጻው መምታት አለመምታቱ ግን በእሱ ብቻ የሚወሰን አይደለም። እንደዚያ ከሆነ እኚህ እናት ማስረጃቸውን መያዝ፣ ሽማግሌ መላክ፣ ካስፈለገም ፍርድ ቤት መሄድ በእጃቸው ያለ ሥራ ነው። ከእጃቸው ውጪ የሚሆነው ባለዕዳው መክፈል አለመክፈሉ ብቻ ነው። ማርከስ ኦሬሊየስም ሰው በማድረጉ ብቻ ሳይሆን ባለማድረጉም ብዙ ጊዜ ግፍ እንደሚሠራ ጽፏል። ጥበብ፣ ፍትሕ፣ ድፍረትና ራስን መግዛት አራቱ ዋና ምግባራት ሆነው ሳለ፣ በሥልጠናው ውስጥ ሦስቱ በየተራ ሰፊ ጊዜ ሲያገኙ ፍትሕ በስም ብቻ ተጠቅሶ አልፏል። በደል በበዛበት ኑሮ «ከእጄ ውጪ ነው» የሚለው ቃል ለዝምታ ሽፋን እንዳይሆን የሚጠብቀው ይኸው የተዘለለው ክፍል ነው።

በሚታደለው ጽሑፍ ላይም ያው ጉድለት ይታያል። ለማለዳ ልምምድ የተመረጠው ማርከስ ለራሱ በጻፈው ማስታወሻ ሁለተኛ ክፍል መክፈቻ ላይ ለራሱ የተናገረው ነው፤ ዛሬ ጣልቃ ገብ፣ ውለታ ቢስ፣ ትዕቢተኛ፣ አታላይና ምቀኛ ሰው ያጋጥመኛል እያለ ይዘረዝራል። ወረቀቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ማርከስ ግን አላበቃም፤ እነዚህ ሰዎች ክፉውን ከደጉ ባለመለየታቸው እንደዚህ ሆኑ እንጂ ወገኖቼ ናቸው፣ እንደ ሁለት እግርና እንደ ሁለት እጅም ተባብረን ልንሠራ ተፈጥረናል ብሎ ይቀጥላል። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ተማሪ ጠዋት ከቤቱ የሚወጣው ሰውን ሁሉ ጠርጥሮ ነው፤ ሙሉውን ያነበበ ግን የሚወጣው ሰዎቹን ሊታገሥና አብሯቸው ሊሠራ ተዘጋጅቶ ነው። በዚያው ወረቀት «የምንሰማው ሁሉ አስተያየት እንጂ እውነታ አይደለም» የሚል አባባል በማርከስ ስም ሰፍሯል፤ ይህ በኢንተርኔት የሚዘዋወር እንጂ በእሱ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኝ ቃል አይደለም። ለሚያስከፍል ሥልጠና እንዲህ ያለውን ማጣራት ቀላል ሥራ ነበር።

የማታው ልምምድ ግን ብቻውን የሥልጠናውን ዋጋ የሚያወጣ ነው። ሴኔካ መብራቱ ከተነሣና ልማዱን የምታውቀው ሚስቱ ዝም ካለች በኋላ ውሎውን ከራሱ ሳይደብቅ እንደሚመረምር ይናገራል፤ ይህን የተማረው ከሮማዊው ፈላስፋ ከሴክስቲየስ ሲሆን፣ ጥያቄዎቹም ዛሬ የትኛውን ሕመምህን አከምክ፣ የትኛውን ክፉ ጠባይ ተቋቋምክ፣ በምንስ ተሻልክ የሚሉ ናቸው። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የሚሰጠው ደብተር በየገጹ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አትሞ ለመልሱ አራት አራት መስመር ብቻ ትቷል። የቦታው ማነስ ጠቅሟል፤ ሰው ሰበብ የሚደረድርበት ስፍራ አያገኝም። አሠልጣኙ አጥብቀው ያሳሰቡንም ሴኔካ ጥፋቱን ካገኘ በኋላ «ዳግመኛ እንዳታደርገው፤ ለዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ» ብሎ ራሱን እንደሚያሰናብት ነው። ራሳችንን መገሠጽ የምናውቅበትን ያህል ይቅር ማለት ስለማናውቅበት፣ ይህ ማሳሰቢያ በእኔ ግምት ከሥልጠናው ሁሉ የላቀ ነበር። የደብተሩ ወረቀት ስስ ስለሆነ ቀለም ወደ ኋላ ያሳልፋል፤ እሱ ይሻሻል።

ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም በአንድነት የተቀመጠበት ክፍል ስለነበር የእምነት ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። አሠልጣኙ የስቶይኮች የአምላክ አስተሳሰብ ከየትኛውም ተሳታፊ እምነት ጋር አንድ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግረው፣ ልምምዱን ለመሥራት ያንን መቀበል እንደማያስፈልግ አስረድተዋል፤ ጥሩ አያያዝ ነበር። መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ የግሪክ ፈላስፎች ቃል በተባሉ ምክሮች ሊቃውንቶቻችን ሲጠቀሙ መኖራቸውን ቢጨምሩበት ደግሞ ተሳታፊው ነገሩን እንደ ባዕድ ባላየው ነበር። ሴኔካ ለወዳጁ ለሉሲሊየስ በጻፈው ደብዳቤ ለጥቂት ቀናት ርካሽ ምግብ መብላትንና ሻካራ ልብስ መልበስን ይመክራል፤ በጾም ላደገ ሰው ይህ ለሰውነቱ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሚሆነው «ስፈራው የኖርኩት ይህንን ነበር?» ብሎ ራስን መጠየቁ ነው።

ክፍያው በከተማው ለአንድ ወር የኮምፒውተር ትምህርት ከሚጠየቀው ብዙም አይበልጥም። አዳራሹ ከመንገድ በኩል ስለሆነ የባጃጅ ጥሩምባ ያስቸግራል፤ ከፊት መቀመጥ ይሻላል። በቅርብ ሐዘን ወይም በከባድ ጭንቀት ውስጥ ላለ ሰው ሥልጠናው የሕክምና ምትክ እንደማይሆን አሠልጣኙ ራሳቸው በመጀመሪያው ዕለት ተናግረዋል፤ ይህም ሊመሰገኑበት ይገባል። በሥራው ከብዙ ሰው ጋር ለሚገናኝ፣ በተለይ ለነጋዴ፣ ለመምህር፣ ለነርስና ለሾፌር እንዲመዘገቡ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ለአዘጋጆቹም ፍትሕን የሚመለከት ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ እንዲጨምሩና፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የሚሠሩት ወጣቶች መሳተፍ እንዲችሉ እሑድ ጠዋት ሌላ ክፍል እንዲከፍቱ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ።