ልጄን አስፈቅዳ ለነካቻት ሲስተር

ይህ ምስጋና እሑድ ማታ ተረኛ ለነበረች አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነው። ስሜ አይጻፍ ብላለች። ሆስፒታሉን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፤ በደስታ እነግረዋለሁ።

የአምስት ዓመቷ ልጄ ከደረጃ ወድቃ እጇ ተሰበረ። እናቴ «ወጌሻ ጋር ውሰዷት» አለች። እኔ በልጅነቴ ቁርጭምጭሚቴ ወልቆ ወጌሻው ሲያሸኝ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባልኩ የነከስኩት ጨርቅ ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ። እምቢ አልኩ። ምን ዋጋ አለው! መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ካርድ፣ ወረፋ፣ ራጅ። ማስታገሻ ብለምን «ዶክተሩ ሳያያት አይሰጥም» አሉኝ። ለራጁ እጇን ሲያጣምሙት ሦስት ሰው ያዛት፤ አራተኛው እኔ ነበርኩ። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ «ሞርፊን የለንም፣ ትቻለው» ተባልን። ትቻለው!

ሲስተር ጋር ስንደርስ ካርድ እንኳ አላወጣንም ነበር። ካርቶን ቆርጣ እጇን ከሥር ደግፋ በፋሻ አሰረችው፤ በባለቤቴ ነጠላ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። መዘነቻት፣ 18 ኪሎ። ከዚያ ኢቡፕሮፌን ሽሮፕ ለክታ አጠጣቻት። «ለስብራት ሽሮፕ?» ብዬ ጮህኩባት፤ አፍሬበታለሁ። «ለእንዲህ ዓይነቱ ስብራት በአፍ ከሚሰጥ ሞርፊን አያንስም፤ ሞርፊኑ ያስታውካታል፣ ያፈዛታል። ዋናው በክብደቷ ልክ መስጠትና እጁ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ነው» አለችኝ። የቀረውን ማብራሪያ አልያዝኩትም።

መድኃኒቱ እስኪሠራ ጠብቃ መጣች። አልጋ ላይ አላስተኛቻትም፤ እናቷ ጭን ላይ እንዳለች ተንበርክካ «ልንካው? አመመኝ ካልሽ አቆማለሁ» አለቻት። ልጄ ገና ሳትነካት «አመመኝ» አለች። ሲስተር እጇን ሰበሰበች። ደግማ ሞከረች፣ ልጄም ደግማ አስቆመቻት። እየፈተነቻት ነበር! በሦስተኛው ዝም አለች። «ይህ ሽሮ ፈልቷል፣ እፍ በይልኝ» ብላ መዳፏን እንደ ድስት አቀረበችላት። ልጄ ሽሮውን ስታቀዘቅዝ ባልደረባዋ ጀሶውን አሰረላት። ማንም አልያዛትም።

ልጃችሁ ቢወድቅባችሁ ወደ እርሷ ሂዱ፤ ርቀቱን አትዩ፣ ሂዱ። ሲስተር፣ ውለታሽን እግዚአብሔር ይክፈልሽ። ወጌሻ ወጌሻ ስትል የነበረችው እናቴ እንኳ ሳትመርቅሽ አታድርም።

ዛሬ ጠዋት ሹራብ ላለብሳት እጇን ስይዝ ልጄ ገላመጠችኝና «መጀመሪያ አስፈቅደኝ» አለችኝ።