ክፍል ለማሞቅ፦ የኤሲው ሪሂት ኮይል ወይስ ሂት ፓምፕ?

ሪሂት ኮይል (ኤሲው ውስጥ ያለው ማሞቂያ) ክፍል ያሞቃል? አዎ፣ ግን ዋና ሥራው ሌላ ነው። ኤሲው እርጥበት ለማውጣት አየሩን በጣም ሲያቀዘቅዘው፣ ኮይሉ መልሶ ለብ ያደርገዋል።

ወጪ፦ ኮይሉ ካለ አዲስ ዕቃ አይገዛም። የኤሌክትሪኩ ዓይነት ግን በ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 1 ኪሎዋት ሙቀት ብቻ ይሰጣል። ሂት ፓምፕ (ከውጭው አየር ሙቀት ወስዶ ወደ ቤት የሚያስገባ መሣሪያ) መግዣው ይወደዳል፤ ብርዱ መለስተኛ ሲሆን በዚያው 1 ኪሎዋት ወደ 3 ኪሎዋት ሙቀት ያወጣል።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ፋኑ ቆሞ ኮይሉ ከጋለ እሳት ሊነሳ ይችላል። የአየር ፍሰት ስዊችና ሙቀቱ ሲበዛ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ከሌለው ባይነካ ይሻላል።

ለጥቂት ብርዳማ ጠዋቶች ኮይሉ ይበቃል፤ ኮምፕረሰሩ (ኤሲው እንዲያቀዘቅዝ የሚያደርገው ክፍል) መጥፋቱን አረጋግጡ፣ አለዚያ እያቀዘቀዛችሁ ታሞቃላችሁ። እንደ አዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ማታ ለሚበርድ ቤት ግን ሂት ፓምፕን እመርጣለሁ።